እማማ ጦይባ የቆሙ ዕለት

ሉባባ ሰዒድ ያንን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም በሥራ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉንጯን የኮምፒውተሯ ቁልፎች ላይ ደፍታ። ለሰው ስታወራው ሁልጊዜ ከዚሁ ትጀምራለች። «ተኝቼ አልነበረም፣ ተሸንፌ ነበር» ትላለች።

ሉባባ ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ለድርጅቶች ድረ ገጽ የምትሠራ ሴት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለአንድ የዓይን ክሊኒክ ገጽ ሠርታ አስረክባ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸውን አረጋውያን በነፃ የሚያክሙ ሐኪሞች ከሩቅ ሊመጡ ነው፤ መታከም የፈለገ ሰው ገጹ ላይ ተመዝግቦ ቀን ይይዛል። ሐኪሞቹ ግን አንድ ነገር አስረግጠው ተናግረዋል። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሉባባ ሕልሙን ያየችበት ያው ዕለት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰማንያ ሰው ካልተመዘገበ ኮምቦልቻን አልፈው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ።

ረፋዱ ላይ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ውባለም ደወለች።

«ሉባባ፣ የተመዘገበው እኮ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው!»

«እንዴ? ግቢው በሰው ሞልቷል ስትዪኝ አልነበር?»

«ሞልቷል! ከመቶ ሰው አያንስም። አብዛኞቹ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ማንበብ ያውቃሉ። ፊደሉ ግን አይታያቸውም። የስልካቸውን ፊደል አሳድገው ነው የመጡት፤ መልእክቱ ያድጋል፣ የሰው ስሙ ያድጋል፣ ያንቺ ገጽ ብቻ ንቅንቅ አይልም። እኔ በዚህ በኩል ጠብታ እያደረግሁ ለስንቱ ላንብብለት?»

ሉባባ ጥፋቱ የት እንዳለ የገባት መስሏት ነበር። ገጹን ስትሠራ ሁሉን ነገር የለካችው በፒክስል ነው። ፒክስል ደግሞ ግትር ልክ ነው፤ አንዴ አሥራ ስድስት ካሉት ሰው ቢለምነውም ቢያለቅስበትም አሥራ ስድስት ነው። ስለዚህ የፊደሎቹን ልክ ወደ ኤም ቀየረችው። ኤም ግትር አይደለም፤ እሱን ያቀፈውን ነገር አይቶ ነው የሚለካው። ያን ስታደርግ ግን ሌላ ጉድ መጣ። በዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር፣ በዚያም ውስጥ ያለው ሌላ ዝርዝር፣ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻው የዝንብ ኩስ አከለ። እሱን ትታ ደግሞ ሬም የሚባለውን ሞከረች። ሬም ሁሉን ነገር የሚለካው ከገጹ ሥር፣ ማለትም ከመነሻው ፊደል ልክ ነው። አሁን ፊደሉ ሁሉ እኩል ሆነ፣ አማረ፤ የስልኩን ፊደል ስታሳድገው ግን ወይ ፍንክች! ለምን እንደሆነ ልታውቅ አልቻለችም። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ መልሳ ጻፈች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንገቷ አልሸከም አላት።

ራሷን ያገኘችው ገበያ መሃል ነበር። ቦታው የምታውቀው የበግ ተራ ነው፤ ነገር ግን ለሽያጭ የቆሙት ሰዎች፣ የሚገዙት ደግሞ በጎች ነበሩ። አንድ ጥቁር ሙክት የአንዱን ነጋዴ ወገብ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ይኼ ስብ የለውም፣ ክረምቱን አይወጣም» ብሎ አለፈው። ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ከበጎቹ በስተጀርባ ቤቶች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። አንድ መንገደኛ ብቅ ሲል ከፊት የቆመችው ባለ ቆርቆሮ ቤት ሌሎቹን ገፍታ ገባችበት። ሰውየው ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ መንገዱን ቀጠለ።

ሉባባ ወደ ኋላዋ ልትሸሽ ስትል ሙክቱ አያት።

«አንቺ! ቁመትሽ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከስልሳ።»

«ከማን?»

«ከማን ማለት?»

«የማን ስንተኛ ነሽ ነው የምልሽ! ሜትር የሚባል ሰው እዚህ ከተማ አይኖርም። ማን ቤት ነሽ?»

«የማንም ቤት አይደለሁም። እንግዳ ነኝ።»

በጎቹ ሁሉ ማመንዠካቸውን አቆሙ። «የማንም ቤት ካልሆንሽማ» አለ ሙክቱ ከልቡ አዝኖ፣ «ምንም አታክዪም።»

እውነትም ሉባባ ወደ ታች ስትመለከት ጫማዎቿ ባዶ ነበሩ። እግር የለም። ልትጮህ አፏን ፈለገችው፤ እሱም ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው።

«ቶሎ በሉ!» ብሎ ጮኸ ሙክቱ። «እማማ ጦይባ ግቢ አድርሷት! ልክ የሚገኘው እዚያ ነው።»

በጎቹ ጫማዎቿን በአፋቸው ይዘው ሮጡ። የግቢውን በር እንዳለፉ ሉባባ እግሯ ተመልሶ ጫማው ውስጥ ሲገባ ተሰማት፤ ቀጥሎ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ወገቧ መጣ። ነገር ግን ቀድሞ ከነበረችው በግማሽ አንሳለች። ግቢው መሃል አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት። «ጦይባ እባላለሁ። ከተማው ሁሉ የተጀመረው ከእኔ ነው። ግቢዬ የገባ የእኔ ግማሽ ይሆናል፤ ደንቡ ነው፣ እንዳይከፋሽ።»

«ኧረ ግማሽም ይበቃኛል እማማ» አለች ሉባባ እግሯን እየዳሰሰች።

ቀና ስትል ከእማማ ጦይባ ጀርባ ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው ቆሞ አየች። ሁሉም አንድ እግሩን አንሥቷል። አንዳንዱ ግድግዳ ተደግፏል፣ አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩን ያወረደ ግን አንድም የለም።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ናቸው። ትእዛዝ እየጠበቁ ነው።»

«የማንን ትእዛዝ?»

«የቤቱን ራስ ነዋ፣ የወይዘሮ ከድጃን። የመጨረሻዋ ልጃችን እሷ ናት። ከመጨረሻ የተወለደ አይደል ቤቱን የሚያዘው? እግራችሁን አንሡ ብላ አዘዘች፣ አነሡ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። ውስጥ ናት።»

ሉባባ ወደ ውስጥ ገባች። ቤቱ ውስጥ የልጅየው ቤት አለ፤ እሱ ውስጥ የልጅ ልጅየው፤ እሱም ውስጥ ሌላ ቤት። በእያንዳንዱ በር ስታልፍ በግማሽ ታንሳለች። ሁለተኛው በር ላይ ድመት አከለች፣ ሦስተኛው ላይ ብርጭቆ፣ አምስተኛው ላይ ንብ። ስድስተኛውን በር ስታልፍ የሽምብራ ፍሬ ሆና ገባች። እዚያ ሌላ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ወጣት ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ በቁጣ በርበሬ መስሏል።

«ወይዘሮ ከድጃ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስጮህ ኖርሁ። የሚሰማኝ ጠፋ።»

«ምን ብለው ነው የሚጮኹት? እኔ ላድርስልዎት።»

«የቤተሰብ ትእዛዝ በእንግዳ አይላክም! ራሳቸው ይስሙኝ!»

ሉባባ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን ቃኘች። «ቆይ እስቲ፣ ለምን እንዲህ አነሱ?»

«ደንቡ ነዋ። ልጅ የወላጁ ግማሽ ነው። እኔ የአባቴ ግማሽ ነኝ፤ አባቴም የአባቱ ግማሽ ነው፤ እሱም የእናቱ። ሁሉም አጠገቡ ካለው ይለካል።»

ሉባባ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ቷ! አለ። ጠዋት ሙሉ ስታባርረው የዋለችው ነገር ፊቷ ቆሞ እያወራት ነው። ዝርዝሮቿ የዝንብ ኩስ ያከሉት በዚህ ምክንያት ነበር! «ጥፋቱ ግማሹ ላይ አይደለም እኮ!» ብላ ጮኸች። «ግማሽ ደህና ልክ ነው። ከማን ግማሽ የሚለው ነው ነገሩ! አጠገባችሁ ካለው ስትለኩ በየበሩ ግማሹ ይገመሳል። ለምን ሁላችሁም በቀጥታ ከእማማ ጦይባ አትለኩም?»

ከድጃ ወገቧን ለቀቀች። «እንደዚያ ይቻላል?»

«አሁን ያዩታል።»

ሉባባ መልሳ ወጣች። በየበሩ እየቆመች እዚያ የቆመውን ሰው ትጠይቃለች። «የማን ግማሽ ነህ?» «የአባቴ።» «አይደለህም! ከእንግዲህ የእማማ ጦይባ ነህ። እስቲ በል!» ሰውየው ቃሉን እንደተናገረ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ጣሪያውም አብሮ ከፍ ይላል። እንዲህ እያለች ስድስቱንም በር ጨረሰች። ግቢው ስትደርስ ልጁም፣ የልጅ ልጁም፣ የልጅ ልጅ ልጁም ሁሉም እኩል ሆኗል። ከኋላዋ ወይዘሮ ከድጃ ሻሿን እያስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው፣ ከማንም ሳያንሱ ብቅ አሉ።

 ወይዘሮ ከድጃ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞሩ፤ አርባ ዓመት የታመቀውን ትእዛዝ በሙሉ ድምፅ ለቀቁት።

«እግራችሁን አውርዱ!»

ያ ሁሉ እግር በአንድ ጊዜ መሬት መታ። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዱ ሽማግሌ ባወረደው እግሩ ላይ ተደፍቶ ይስመው ጀመር።

ወሬው ከተማውን ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እልልታው ሳያበቃ የግቢው በር በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ተጨናነቀ። ሁሉም ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጋርደው ወደ ላይ ይመለከታሉ፤ የከተማው ማስታወቂያ እዚያ ማዶ ተራራውን የሚያክል ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ ፊደሉ ግን የሰናፍጭ ፍሬ ነው።

«ቤተሰቡንስ አስተካከልሽ» አሉ ከፊት የቆሙት ሽማግሌ። «የእኛስ ነገር? ዓይናችን ሲደክም እማማ ጦይባ እንዲቆሙልን እንለምናለን። እሳቸው ሲቆሙ ከተማው ሁሉ አብሮ ያድጋል፣ ፊደሉም ያድጋል። ድሮም ደንቡ ይኸው ነበር። አሁን ሦስት ሳምንት ለመንናቸው፤ አልቆሙም።»

ሉባባ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ምነው? እግርዎን ያምዎታል?»

«እግሬስ ደህና ነው ልጄ። ቀሚሴ ነው አልለቅ ያለኝ።»

ጎንበስ ብላ አየች። የእማማ ጦይባ ቀሚስ ጠርዝ ክንድ በሚያህል ሚስማር ከመሬት ጋር ተቸንክሯል። የሚስማሩ ራስ ላይ «አሥራ ስድስት» የሚል ተጽፏል። ሉባባ ንዴቷ ገነፈለ።

«እንዲህ ያለውን ነውር ማን ነው የሠራው? አሮጊት ይቸነከራል እንዴ?»

 አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን፣ ሌላው ጥፍሩን ያያል። ሙክቱ ብቻ «አንቺ ነሻ» አለ።

«እኔ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት መዶሻ ይዘሽ መጣሽ። ሥራ ስትጀምሪ መጀመሪያ ያደረግሽው እሱን ነው። ጽሑፉ ያንቺ አይደል?»

ጽሑፉ የእሷ ነበር። ሉባባ ትዝ አላት፤ ገጹን ስትጀምር መጀመሪያ የጻፈችው መስመር የሥሩን ፊደል አሥራ ስድስት ፒክስል ላይ የሚያስር ነበር። ልጁን፣ የልጅ ልጁን ሁሉ ከሥሩ ለክታ፣ ሥሩን ራሱን ግን እንዳይነቃነቅ አድርጋ ቸንክራዋለች። ፊቷ ጋለ።

«እንዲያምር ብዬ ነው እማማ» አለች።

«ማማሩንስ አምሯል» አሉ እማማ ጦይባ ሳይቆጡ። «መነሣት አቃተኝ እንጂ።»

ሉባባ ሚስማሩን በሁለት እጇ ይዛ ሳበች። አልነቃነቅ አለ። በጥርሷ ነከሰችው፤ የዝገት ጣዕም አፏን ሞላው። «ምን ታያላችሁ? ያዟት!» ብለው አዘዙ ወይዘሮ ከድጃ። አሁን ድምፃቸው እንደ መለከት ነው። ልጆቹ የሉባባን ወገብ ያዙ፣ የልጅ ልጆቹ የልጆቹን ወገብ፣ ሽማግሌዎቹ የእነሱን፤ በጎቹ ከኋላ የሽማግሌዎቹን ነጠላ በአፋቸው ያዙ። «አንድ! ሁለት!» ሚስማሩ ጧ! ብሎ ወጣ። ሕዝቡ በሙሉ በጀርባው ተዘረረ፤ ሙክቱ ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ተገኘ።

እማማ ጦይባ ቀሚሳቸውን አራገፉ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን አቅንተው፣ ቀስ ብለው ቆሙ።

ከተማውም አብሯቸው ቆመ። በሮቹ ከፍ አሉ፣ ደረጃዎቹ ሰፉ፣ የመስጊዱ ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጎን ለጎን ሰማይ ወጡ፤ ገበያው ላይ ያለው ድንች እንኳ ሐብሐብ አከለ። ማንም ማንንም አልበለጠም፣ ሁሉም በየድርሻው አደገ። ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች እንደ በሬ እየተነፈሱ ተነሡ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ «ማ... ስ... ታ...» ብለው ጀመሩ፤ እንባ ቀደማቸው።

ወዲያው ግን ከታች ጩኸት ተሰማ። ከተማው ሲያድግ የመንገዱን ዳር የያዘው የድንጋይ ግንብ አላደገም። ሰውና ፊደል በአንድ ላይ ግንቡ ሥር እየተደራረበ ሊጨፈላለቅ ነው። ሉባባ እየሮጠች ደረሰች።

«ሰፋ በል እንጂ!»

«እኔ ሦስት መቶ ነኝ!» አለ ግንቡ ደረቱን ነፍቶ። «ትናንትም ሦስት መቶ ነበርሁ፣ ነገም ሦስት መቶ ነኝ!»

«ከሰማዩ ስንት እጅ ነህ?»

 «የቱ ሰማይ?»

«ከበላይህ ያለው። ቀና ብለህ አይተህ አታውቅም?»

ግንቡ ድንጋዮቹን እያንቋቋ ቀና አለ።  «ይኼ ሁሉ...» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ «ይኼ ሁሉ ቦታ ነበር እንዴ?»

«ነበር። ከአሥር እጅ ዘጠኙን ውሰድ፣ አንዱን ለመተንፈሻ ተው። ሰማዩ ሲጠብብ ትጠብባለህ፣ ሲሰፋ ትሰፋለህ።»

ግንቡ እንደሚያፋሽግ ሰው ተንጠራርቶ ሰፋ። የታፈነው ሕዝብ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሉባባ ስታወራ እስከ ዛሬ አንገቷ ይቀናል፤ ሙክቱ በጀርባው አዝሏት ከተማውን ሁሉ አዞራት፣ ቤቶቹ መስኮታቸውን እየከፈቱ እየዘጉ አጨበጨቡላት፣ ወይዘሮ ከድጃም «እልልታ እንዳይቋረጥ!» ብለው አዘዙ። አንድ ጠቦት ወገቧን ዳበስ አድርጎ «ይቺስ ስንት ትወጣለች?» ሲል ሙክቱ «ይቺ አትሸጥም!» ብሎ ገላመጠው። በመጨረሻ እማማ ጦይባ ሊመርቋት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከአፋቸው የወጣው የስልክ ጥሪ ነበር።

ሉባባ ብንን አለች። ጉንጯ ላይ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ታትመዋል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ስልኩ ይጮኻል። አላነሣችውም። ወደ ገጹ መጀመሪያ ወጣች፤ መስመሩ እዚያው ነበር፤ የሥሩ ፊደል፣ አሥራ ስድስት ፒክስል። ሰረዘችው። የዝርዝሩን ሳጥን ሦስት መቶ ፒክስል አጥፍታ የስክሪኑን ስፋት ዘጠና በመቶ አለችው። ላከችውና ስልኩን አነሣች።

«የት ጠፋሽ?» ሲስተር ውባለም ልታለቅስ ነው። «ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሊሄዱ ተነሥተዋል!»

«አንዱን ሰው ገጹን እንደገና ክፈት በዪው።»

ሲስተር ውባለም ከሰልፉ ፊት ወደነበሩት ወደ ጋሽ ይመር ሄደች። ጋሽ ይመር ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ሽመና ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ሉባባ በስልኩ የጣታቸውን መንኳኳት ትሰማለች። 

«ኧረ! ኧረ ታየኝ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ይመር። «እናንተ ሰዎች፣ ተመለሱ! እያንዳንዱ ፊደል ጡጫ ያክላል!»

ሰልፉ ተመልሶ ከበባቸው። «እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለ አንዱ። ጋሽ ይመርም ጉሮሯቸውን አጽድተው፣ እንደ ዜና አንባቢ፣ ከክሊኒኩ ተልኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጹ ላይ የተቀመጠውን፣ ማንም ልብ ብሎ አንብቦት የማያውቀውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ።

«"የተከበራችሁ አረጋውያን፣ ክሊኒካችን የዓይን ሞራ ሕክምና በነፃ ይሰጣል። ቀድመው ለ... ቀድመው ለሞቱ ቅድሚያ እንሰጣለን።"»

 ሉባባ ስክሪኗን አየች። እውነት ነው። ለመጡ ማለት የነበረበት ለሞቱ ይላል፤ ያውም አሁን ከማዶ በሚነበብ ፊደል።

«ሉባባ» አለች ሲስተር ውባለም በሹክሹክታ፣ «ፊደሉን ለጊዜው መልሰሽ ልታሳንሺው ትችያለሽ?»

«እንዳትነካው!» አሉ ጋሽ ይመር ከጎኗ። ሳቃቸው ቀድሞ ወጣ፤ ሰልፉም ተከትሎ አውካካ። «እኔ ራሴ በዓይኔ አነበብሁት እኮ! አልሐምዱሊላህ፣ የእኔ ተራ ገና ነው ማለት ነው። በሉ፣ መመዝገቢያው የቱ ጋ ነው?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ሲዘጋ ዘጠና አራት አረጋውያን፣ ሁሉም በሕይወት ያሉ፣ ተመዝግበው ነበር።